ብቻውን የሚሄድ ፌስታል

መጀመሪያ ያየሁት ፌስታሉን ነው። ነጭ ፌስታል፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ብቻውን መንገድ ይሻገራል። ንፋስ ያነሳው መሰለኝ። ድሬ ላይ ማታ ማታ ንፋስ ፌስታል ሲያንከራትት ማየት ብርቅ አይደለም። ይሄኛው ግን አይንከራተትም። ቀጥ ብሎ፣ በልኩ እየተወዛወዘ ነው የሚሄደው። ጭንቅላቴ ነገሩን አስቦ ሳይጨርስ እግሬ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ስትቆም ከፌስታሉ በላይ እጅ፣ ከእጁ በላይ ጥቁር ጅልባብ፣ ጅልባቡ ውስጥ የተቆጣ ፊት አየሁ። በመኪናዬ አፍንጫና በሴትየዋ ጉልበት መካከል ሁለት ክንድ ቢቀር ነው።

«አንተ! ዓይን የለህም?»

«ወላሂ አላየሁሽም እህቴ።»

«እንዴት አታየኝም? መብራት ስር ሆኜ! እኔ አንተን ከዚያ ጀምሮ እያየሁህ ነው እኮ!»

ጣቷን ወደመጣሁበት ዘረጋች። ፌስታሉ ውስጥ ሙዝ ነበር። ወደ ሌላኛው እጇ አዙራው እያጉረመረመች ሄደች። ከኋላዬ ባጃጅ ክላክስ ያደርጋል። እኔ ግን ማርሽ ማስገባት አቅቶኝ ትንሽ ቆየሁ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አለፍ ብሏል። ከሳቢያን ወደ ከዚራ እየመጣሁ ነበር። ቦታውን ለይቼ አልጠራውም፤ እንደሱ ያለ ቦታ ከተማችን ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም። ዜብራ አለው። መብራት አለው፤ ያውም አዲስ፣ ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ ኤልኢዲ። የሚያሳፍረው ደግሞ መብራቱ የተቀየረ ሰሞን ፎቶ አንስቼ «ድሬ አበራች!» ብዬ የለጠፍኩት እኔው ነኝ።

«እያየሁህ ነው እኮ»

ያቺ ሴት ያለችኝ ነገር ለሳምንት አልለቀቀኝም። ቁጣዋ አይደለም፤ ድሬ ያደገ ሰው ለቁጣ ቆዳው ወፍራም ነው። የከነከነኝ «እያየሁህ ነው» ያለችው ነው። እውነቷን እኮ ነው። የመኪናዬ ሁለት መብራቶች ከሩቅ ያፈጡባታል። እሷ እኔን እንደዚያ አጥርታ ካየችኝ፣ እኔ እሷን የማላይበት ምን ምክንያት አለ? በእግሬ ስሄድ እኔም የማስበው እንደዚሁ ነው። መኪናው ታየኝ፣ ስለዚህ ታየሁት። መኪና ውስጥ ስገባ ደግሞ ይሄንን ሁሉ እረሳውና ያልታየኝ ሰው የለም ብዬ እነዳለሁ።

ቤት ገብቼ ሂሳቡን ሠራሁት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። ያልጠበቀውን ነገር አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ያልፋል። 16 ሜትር ገደማ እዚያው አለቀ፤ ፍሬን ገና ሳይያዝ። ከዚያ ጎማው ጥሩ፣ አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ መኪናዋ እስክትቆም 9 ሜትር ያህል ትሄዳለች። አንድ ላይ 25 ሜትር። በ50 ብነዳ ኖሮ ወደ 35 ይጠጋል።

ስለዚህ ፌስታሉን ያየሁት ቢያንስ ከ25 ሜትር ላይ ነው። ሴትየዋን ያየኋት ግን ከቆምኩ በኋላ ነው። መሃል ያለው ርቀት በሙሉ የፌስታሉ ውለታ ነው ማለት ነው። ሙዝ ሻጩ ጥቁር ፌስታል ሰጥቷት ቢሆንስ? እዚህ ሐሳብ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

ቁጢጥ በል

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረተኛ አለ። ዕድሜውን ምድር ባቡር ውስጥ በኤሌክትሪክ ሥራ ነው የጨረሰው። (እኛ ጋ ሽማግሌም «አንተ» ነው የሚባለው፤ የሌላ አገር አንባቢ እንዳይቀየመኝ።) ማታ ማታ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ነገሩን ስነግረው አልደነገጠም። እንዲያውም ሳቀ።

«ፎቶ ያነሳህ ቀን ነው የተሳሳትከው» አለኝ።

«እንዴት?»

«አምፖሉን አየህና በራ አልክ። አስፋልቱን አላየህም።»

በማግስቱ ማታ በባጃጅ አብረን ሄድን። ከዜብራው ስልሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብለን ዳር ያዝን። «ቁጢጥ በል» አለኝ። ቁጢጥ አልኩ። ዓይኔ ወርዶ ከሾፌር ዓይን ጋር ሲስተካከል መንገዱ ሌላ መንገድ ሆነ። ቆሜ ሳየው ደማቅ የነበረው ጎዳና አሁን ተቆራርጧል። ከአንዱ ፖል ስር ክብ ብርሃን፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ ቀጥሎ ብርሃን፣ ቀጥሎ ጥቁር። ሙሉ መንገዱ ዜብራ ሆኗል። እውነተኛው ዜብራ ብቻ ነው የማይታየው።

ምክንያቱ ቀስ እያለ ተገለጠልኝ። በእኔ በኩል፣ ከዜብራው በፊት ያለው ፖል አምፖሉ ሞቷል። ከዜብራው አለፍ ብሎ ያለው ይበራል። ከእሱም ወዲያ አንድ ግቢ በር ላይ ትልቅ ፓውዛ ተሰቅሏል። ፊቱን ያዞረው ወደ ግቢው ሳይሆን ወደ መንገዱ ነው።

አንድ ጎረምሳ ሊሻገር ወረደ። ጥቁር ግራጫ ሸሚዝ ለብሷል። ከጀርባው የበራ አስፋልት ስላለ መጀመሪያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እንደ ተቆረጠ ወረቀት፣ ጥቁር ሆኖ። አንድ እርምጃ። ሁለት እርምጃ። ሦስተኛው ላይ ጠፋ።

ማጋነን አይደለም። ዓይኔን ተክዬበት እያየሁት ጠፋ። መኖሩን አውቃለሁ፣ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን የለም። አራት አምስት እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ከወዲያኛው ጠርዝ ላይ እንደገና ብቅ አለ። እኔ ቁጢጥ ካልኩበት ሳላስበው ተነስቼ ቆሜያለሁ።

«አየህ?» አለኝ ሽማግሌው። «ጨለማ ውስጥ ገብቶ አይደለም የጠፋው። መንገዱን ሆኖ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነውና። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚመስለኝ ብርሃን ካለ ይታያል፣ ከሌለ አይታይም ነበር። የሽማግሌው አነጋገር ግን ሌላ ነው። ዓይን የሚያየው ልዩነትን ነው። ከሰውየው ጀርባ ያለው አስፋልት ከበራ፣ ሰውየው ጥቁር ሆኖ ይለያል። ብርሃኑ ከፊቱ ካረፈበት ደግሞ እሱ በርቶ ከጨለመው ጀርባ ይለያል። ሁለቱም ያስኬዳል። አደጋው መሸጋገሪያው ላይ ነው። የልብሱ ድምቀትና የጀርባው ድምቀት እኩል የሚሆኑበት ቦታ ላይ፣ ሰው የሚባል ነገር ለዓይን የለም። አምፖል ሞልቶም የለም። ያቺ ሴት እዚያ እኩልነት ውስጥ ነበረች። ፌስታሏ ብቻ አልተስማማም።

«መብራት ስር ሆኜ» ያለችውም ትርጉሙ የገባኝ ያኔ ነው። መብራት ስር መሆን መታየት አይደለም። ከአናት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ብርሃን የሚያበራው አናትና ትከሻን ነው፤ ለሾፌሩ የሚታየው ጎን ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ነው ፖሉ ዜብራው አናት ላይ ወይም ከዜብራው ወዲያ ሳይሆን ሾፌሩ ከሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከዜብራው ቀደም ብሎ መተከል ያለበት። ብርሃኑ ተሻጋሪው ላይ ሾፌሩ በሚያየው ጎን በኩል እንዲያርፍ። መኪና ከሁለቱም አቅጣጫ የሚመጣ ከሆነ ለሁለቱም ለየብቻ። የአሜሪካ የፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር በ2008 ያወጣው መመሪያ ልኩን እንኳ አስቀምጦታል፦ ዜብራው ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ፣ ቆሞ ባለ ገጽ ላይ 20 ሉክስ (ሉክስ አንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው)። መሬት ላይ ሳይሆን ደረት ላይ ነው የሚለካው። ሰው መሬት ላይ ተኝቶ አይሻገርማ።

ጨረቃና ፖል

ሽማግሌው ከሄደ በኋላ እኔ ብቻዬን ተመላለስኩ። ሱስ ሆነብኝ። ስልኬ ላይ ብርሃን የሚለካ አፕ ጫንኩና ማታ ማታ እንደ እብድ ስልኬን ወደ ሰማይ ገልብጬ ፖል ለፖል መሄድ ጀመርኩ። ባለቤቴ «ኔትወርክ ነው የምትፈልገው?» አለችኝ። የስልክ ልኬት እንደ ባለሙያ መሣሪያ አይታመንም፤ ልዩነቱን ለማየት ግን አይከፋም። ፖሉ ስር 42 ሉክስ። በሁለት ፖሎች መሃል 2።

የመንገድ መብራት ባለሙያዎች ከድምቀቱ ይልቅ የሚጨነቁት ለዚህ ልዩነት ነው። የዓለም አቀፉ የመብራት ኮሚሽን በ2010 ያወጣው መመሪያ መንገዶችን በስድስት ደረጃ ይከፍላል። ከባዱ መንገድ 2 ካንዴላ በካሬ ሜትር ይፈልጋል፣ ቀላሉ 0.3 ብቻ። ቁጥሩን ተዉትና ምን እንደሚለካ ልብ በሉ። የሚለካው የአምፖሉ ጉልበት ሳይሆን ከአስፋልቱ ተመልሶ ሾፌሩ ዓይን ውስጥ የሚገባው ነው። ከዚያ ደግሞ ለአብዛኞቹ ደረጃዎች፣ ብርሃኑ በጣም የሳሳበት ቦታ ከመንገዱ አማካይ ከ40 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይላል። እኔ በለካሁት መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሆነ ለማስላት እንኳ ከበደኝ። (የእኔ ልኬት በሉክስ ነው፣ የእነሱ በካንዴላ፤ አንድ አይደለም። ቢሆንም ያው ያስታውቃል።)

ጨረቃን አስቡ። ሙሉ ጨረቃ መሬት ላይ የምትጥለው ብርሃን ቢበዛ 0.3 ሉክስ ቢሆን ነው። ከእኛ መንገድ ጨለማ ቦታ በብዙ እጥፍ ያነሰ። ግን በሙሉ ጨረቃ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አቋርጦ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ አሸዋው ላይ ሰው ከሩቅ ይታያል፣ ፍየል ይታያል፣ ድንጋይ ይታያል። ልጅ ሆነን መብራት ሲጠፋ ኳስ እንጫወት ነበር። ጨረቃ ድሃ ናት፣ ግን አታዳላም። ለሁሉም እኩል ትሰጣለች። ዓይንም ጊዜ ካገኘ ይለምደዋል፤ ጨለማን በደንብ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ፖል ለፖል እየተንፏቀቀ ከ42 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 42 የሚወረወር ዓይን ግን መቼ ሊለምድ?

ይሄ ክፍተት ከየት መጣ? ዘዴው የተደበቀ አይደለም። መብራት ባንድ ወገን ብቻ ከተተከለ፣ የፖሉ ቁመት የመንገዱን ስፋት ያህል ይሁን ይባላል። በፖልና በፖል መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የቁመቱን ሦስት ወይም አራት እጥፍ። መንገዱ ሲሰፋ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ወይም ፊት ለፊት መትከል ይመጣል። እኛ ጋ አምፖሉ ተቀየረ፣ ፖሉ ባለበት ቀረ። የድሮው ቢጫ ሶዲየም ብርሃኑን ወዲያ ወዲህ ይበትነው ነበር። ኤልኢዲ ግን የራሱ ሌንስ አለው፤ ለየትኛው ርቀት እንደተሠራ ታይቶ ነው የሚገዛው። ለአጭር ርቀት የተሠራውን ረጅም ርቀት ላይ ብትሰቅለው የሚጥለው ክብ ነጠብጣብ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። እኛ ጠመጠምን።

አስፋልቱ ራሱም አለበት። አዲስ አስፋልት ጥቁር ስለሆነ ብርሃኑን ይውጠዋል። ያረጀው፣ የነጣው ይመልሳል። አንድ መንገድ አስፋልቱ ታድሶ ማታ ላይ «ጨለመ» ብትሉ ዓይናችሁ አልተሳሳተም። ባለፈው ሐረር ሄጄ ማታ ጁገል ውስጥ ስዞር ተቃራኒውን አየሁ። ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ በነጭና በደማቅ ቀለም የተቀባ ግንብ። አንዲት ደካማ አምፖል በቂ ናት። ግንቡ ብርሃኑን እየተቀባበለ ያስተላልፈዋል፤ የሚመጣው ሰው ፊት ከሩቅ ይለያል። በእግር ለሚሄድ ሰው ዋናው ይሄ ነው፤ የሚመጣው ማን እንደሆነ ማወቅ። ከዚራ ደግሞ በሚያኮሩን ዛፎቻችን ምክንያት ሌላ ጣጣ አለ። ፖሉ ከቅርንጫፉ በላይ ነው፣ ሰው ከቅርንጫፉ በታች። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራለት ቅጠሉ ነው። ዛፍ ይቆረጥ የሚል ካለ ግን እኔ የለሁበትም፤ ፖሉ ዝቅ ይበል ወይ ክንዱ ይርዘም። አቧራውን ደግሞ ድሬ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያሻም። ጥሩ ንድፍ መስታወቱ እንደሚቆሽሽ ከመጀመሪያው አስቦ፣ ማን መቼ እንደሚወለውለው ጽፎ ነው የሚጀምረው።

ቋንቋችንም ያሳስተናል መሰለኝ። «መንገዱ መብራት ገባለት» እንላለን። መብራት ገባ፣ መብራት ጠፋ። ብርሃን ገባ የሚል የለም። ስለዚህ ፖል እንቆጥራለን።

ፓውዛው

የሞተውን አምፖል ለሚመለከተው ክፍል ሁለቴ አመለከትኩ። ጻፉት። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። ፓውዛው ግን የሰው ግቢ ስለሆነ የሚቀል መሰለኝ።

የፓውዛው ጥፋት ከሁሉ የረቀቀ ነው። የሚያበራ እየመሰለ ያሳውራል። ኃይለኛ ብርሃን በጎን ወደ ዓይን ሲገባ ዓይን ውስጥ ይበተንና በምናየው ነገር ሁሉ ላይ ስስ መጋረጃ ይጥላል፤ ልክ አቧራ የያዘ የመኪና መስታወት ፀሐይ ሲያርፍበት እንደሚሆነው። ያቺ ሴትና መንገዱ መካከል ትንሽ ልዩነት ተርፎ ቢሆን እንኳ መጋረጃው ጨርሶታል። ሽማግሌው የእሱ ዓይን ከእኔም እንደሚብስ ነገረኝ። የስልሳ ዓመት ሰው ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን ሃያ ዓመት ሳለ ከነበረው ሲሶ ገደማ ቢሆን ነው። ይበልጥ ብርሃን ያስፈልገዋል፣ ግን አንጸባራቂ ብርሃን ከወጣቱ በላይ ይጎዳዋል። «አምፖሉን ልየው እንዴ እኔ?» አለ። «መንገዱን አሳዩኝ፣ አምፖሉን ደብቁልኝ።» ስለ መንገድ መብራት ከዚህ ያጠረ ነገር አልሰማሁም።

ወደ ግቢው በእግሬ ሄድኩ። ጥበቃው በሩ ላይ፣ ፓውዛው ስር፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሦስት ሜትር ያህል እስክቀርበው ዝም አለኝ። «ሰላም አለይኩም» ስለው ዘሎ ተነሳ።

«አቦ! ከየት መጣህ?»

«ከመንገዱ ነዋ። አላየኸኝም?»

አላየኝም። እንዴት ብሎ ያየኛል? ብርሃን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጨለማው ውስጥ ያለውን አያይም። ጨለማው ውስጥ ያለው ግን እሱን ይቆጥረዋል፤ ዱላውን፣ ጫማውን፣ ማንቀላፋቱን። ይሄንን ስነግረው መጀመሪያ አልተዋጠለትም። «ፓውዛው ለሌባ ነው» አለ። «ለሌባ መሆኑንስ ለሌባ ነው» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሳቀ። ጀበና ነበረው፣ ቡና ቀዳልኝ፣ ተግባባን። ባለቤቱን ሳይጠይቅ እንደማይነካው ነገረኝ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ስሄድ መሰላል አስደግፎ ጠበቀኝ። ፓውዛውን ወደ መሬት ደፋነው። ሌላ ምንም አልተደረገም፤ አንድ ብሎን ነው የላላው። የግቢው በር፣ ከበሩ ፊት ያለው አፈር፣ እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ታየ። ጥበቃው ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠና መንገዱን ለረጅም ጊዜ አየው። «ያ ሱቅ እስካሁን ክፍት ነው እንዴ?» አለ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሱቅ ማለቱ ነው።

እኔ ወደ ዜብራው ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። መጋረጃው ተነስቷል። ተሻጋሪ ግን አሁንም እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ይደበዝዛል። እንደ በፊቱ ድርግም አይልም፤ ግን ይደበዝዛል። የጎደለው የፊተኛው አምፖል ነው። እንግዲህ አንድ ቀን ሰው ሲገጭ በማግስቱ ይቀይሩት ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሽማግሌው ማታ ማታ በሩ ላይ ሆኖ መኪናዬን ሲያይ እጁን ያነሳል። መስታወቴን አወርዳለሁ።

«በራ?»

«አልበራም።»

«አቦ እንግዲያው ቀስ በላ።»